«ወረቀት ተሸካሚ» ስለተባለው ሥራ

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በሁለተኛው ትንሽ ተናደድኩ፤ በአንቺ ግን አይደለም።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። እህታችን ዘንድሮ በዓለም አቀፍ ንግድ ትመረቃለች። የመመረቂያ ጽሑፏ የበለጸጉ ሀገራት ለታዳጊ ሀገራት ምርት ስለሚሰጡት የቀረጥ ቅናሽ ነው። ልብስ እየሰፋ ወደ አውሮፓ የሚልክ ፋብሪካ የኤክስፖርት ሰነድ ሠራተኛ አድርጎ ሊቀጥራት ይፈልጋል። አባቷ ደግሞ «ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩሽ ወረቀት እንድትሸከሚ ነው?» ብለዋል፤ ተበድረውም ቢሆን ውጭ ልከው ማስተርስ ሊያስተምሯት አስበዋል፣ ከዚያ ጄኔቭ ካሉት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች እንድትገባ። በዚያ ላይ ቅናሹ ራሱ ሊቀር ነው እየተባለ ይወራል፣ ደሞዙ ትንሽ ነው፣ እንግሊዝኛዋም ያሳስባታል።

አባትሽን አክብሬ ልናገር፤ ስለዚህ ሥራ የሚያውቁት ጥቂት ነው። ያንቺም ጽሑፍ ብዙ አልነገረሽም ብዬ እጠረጥራለሁ። በ1968 (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን ነው የምጽፈው) ኒው ዴልሂ ላይ በአንክታድ (የተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ድርጅት) ጉባኤ የቅናሹ ሐሳብ ጸደቀ፣ በ1971 ጋት፣ የዓለም ንግድ ድርጅት ከመቋቋሙ በፊት የነበረው የንግድ ስምምነት፣ ለ10 ዓመት ፈቀደ፣ በ1979 ፈቃዱ ቋሚ ሆነ። ይሄ ሁሉ ጽሑፍሽ ውስጥ አለ አይደል? ፋብሪካው ውስጥ ማንም አይጠይቅሽም። የሚጠይቁሽ ሌላ ነው፦ ይቺ ቲሸርት በዜሮ ትገባለች ወይስ በ12 በመቶ?

የጥጥ ቲሸርት ወደ አውሮፓ ኅብረት ሲገባ መደበኛው ቀረጥ 12 በመቶ ነው። በዕድገት እጅግ ወደ ኋላ ከቀሩት ሀገራት ከመጣ፣ ከ2001 ጀምሮ «ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉም» በሚባለው ሥርዓት ዜሮ ይሆናል። ለሌሎች ታዳጊ ሀገራት በሚሰጠው፣ ጂ.ኤስ.ፒ. በሚሉት ተራ ቅናሽ የሚላክ ከሆነ ግን የሚወርደው ወደ 9.6 ብቻ ነው። እንግዲህ 100 ሺህ ዩሮ በሚያወጣ ጭነት ላይ በዜሮና በ12 መካከል ያለው ልዩነት 12 ሺህ ዩሮ ነው። ይቺን ቁጥር ለአባትሽ ንገሪያቸው።

ታዲያ ቅናሹ ዝም ብሎ አይመጣም። ዕቃው የየት ሀገር ስሪት እንደሆነ ኢንቮይሱ ላይ መግለጫ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል፤ ጭነቱ ከ6 ሺህ ዩሮ ካለፈ ደግሞ ላኪው ሬክስ በሚሉት የላኪዎች መመዝገቢያ ሥርዓት የተመዘገበ መሆን አለበት። ድሮ ፎርም ኤ የሚባል ወረቀት ነበር፣ የመንግሥት ቢሮ ማኅተም ይመታበትና ያልቃል። አሁን መግለጫውን የሚሰጠው ላኪው ራሱ ነው፣ ተጠያቂውም እሱ ነው። ለመጻፍ ደግሞ ጨርቁ ከየት እንደመጣ ማወቅ ግድ ነው። እጅግ ወደ ኋላ ለቀሩት ሀገራት ከ2011 ወዲህ የውጭ ጨርቅ አስገብቶ መስፋት ይበቃል። ለሌሎቹ ግን፣ አንዳንድ ልዩ ሁኔታዎች እንዳሉ ሆነው፣ ጨርቁም እዚያው መሠራት አለበት። ስህተት ቢገኝ የአውሮፓ ጉምሩክ እስከ 3 ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ቀረጡን ከአስመጪው ይጠይቃል፣ አስመጪው ደግሞ ዞሮ ፋብሪካውን ይይዛል፣ ፋብሪካው የጨርቅ ግዢውንና የምርት መዝገቡን አደራጅታ ያስቀመጠች ሰው ካለችው ይተርፋል፣ ከሌለችው ደንበኛውን ያጣል። ወረቀት ተሸካሚ የተባለችው እሷ ናት።

እኔ ሥራ የጀመርኩት ጭነት አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ስሞላ ነው፤ ለዚህ ወንበር አደላለሁ፣ አልክድም። ቢሆንም በኋላ የፖሊሲ ስብሰባዎች ላይ ስቀመጥ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ሲነሳ ሰምቻለሁ፦ የተሰጠው ቅናሽ ለምን ሙሉ በሙሉ አይሠራበትም? ክፍሉ ውስጥ ስንት ዶክትሬት ያለው ሰው ተቀምጦ፣ የስሪት ሀገር ደንብ የት ላይ እንደሚያስቸግር በምሳሌ ማስረዳት የሚችለው ሰነድ የሠራ ሰው ነበር።

ጄኔቭም ቢሆን በዚህ በኩል ይደረሳል። የአንክታድን ክፍት ቦታዎች ተመልከቺ፤ ፒ-3 የሚባለው ደረጃ ቢያንስ 5 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። አንድ ኢንቮይስ ሳይነኩ በብድር ማስተርስ ሠርቶ መምጣት ማለት በዕዳና ያለ ልምድ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው። ብድሩ በአባትሽ ስም ቢሆንም ከፋይዋ አንቺ መሆንሽ አይቀርም። ማስተርሱን አትተዪው። ሁለት ሦስት ዓመት ሠርተሽ ስትሄጂ ግን የምትጽፊው ጥናትም ይለያል፣ ስኮላርሺፕ ስትጠይቂም የምትናገሪው ይኖርሻል።

ቅናሹ ሊቀር ነው ስላልሽው፦ አዎ፣ ይቀራል፣ ይመለሳልም። ስሪላንካ ጂ.ኤስ.ፒ. ፕላስን፣ ከተራው የሚበልጠውን የአውሮፓ ቅናሽ፣ በ2010 ተነጥቃ በ2017 መልሳ አግኝታለች። ካምቦዲያ ደግሞ «ከጦር መሣሪያ በቀር ሁሉም» ከሚሰጣት ቅናሽ በ2020 ከፊሉን አጥታለች። የአሜሪካው ጂ.ኤስ.ፒ. በ2020 መጨረሻ ጊዜው አለቀ፤ ከዚያ በፊትም እየተቋረጠ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሲታደስ፣ የከፈሉትን ቀረጥ ያስመለሱት በማቋረጡ ወቅት ሰነዳቸውን በወጉ የያዙ አስመጪዎች ነበሩ። ደግሞስ የዕቃ ኮድ ማወቅ ከቅናሹ ጋር አብሮ አይጠፋም። አውሮፓ ውስጥ ካፌኑ ያልወጣለት ጥሬ ቡና ከየትም ቢመጣ ቀረጥ የለበትም፣ ተቆልቶ ሲገባ ግን 7.5 በመቶ መደበኛ ቀረጥ አለበት። ይህን ከታሪፍ መጽሐፍ አንብቦ የሚረዳ ሰው ነገ ነፃ የንግድ ቀጠና ስምምነት ቢመጣም ይፈለጋል።

ደሞዙ ያነሰ ነው፣ እውነት ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ቻይው፤ ከዚያ በኋላም ካልጨመሩ ሌላ ላኪ ፈልጊ።

እንግሊዝኛው አያስፈራሽ፣ የሰነድ እንግሊዝኛ ውስን ነው፣ በጥቂት ወር ትለምጂዋለሽ።

ከመፈረምሽ በፊት ግን ፋብሪካውን ሁለት ነገር ጠይቂ። የሬክስ ምዝገባው በማን ስም ነው? የስሪት ሀገር መግለጫውን የሚጽፈው ማነው? «ሁሉንም ትራንዚተሩ ይጨርሰዋል» ካሉሽ፣ መግለጫውን አንቺ እንድታዘጋጂና የጥሬ ዕቃ ግዢ ሰነዶችን እንድታዪ የሥራ መደቡ መግለጫ ላይ እንዲጻፍልሽ አድርጊ። እምቢ ካሉ ተመልሰሽ ጻፊልኝ፤ ያኔ ምክሬ ይለወጣል።