ፑሽ የሚያደርገው ቁልፍ አይፈርምልህም

ሰላም ወንድሜ። "ኤስኤስኤች ቁልፌን ጊትሃብ ላይ አስገብቻለሁ፣ ፑሽም ያለ ችግር ይሄዳል፤ ታዲያ ኮሚቶቼ ላይ አረንጓዴዋ 'ቬሪፋይድ' የምትል ምልክት ለምን አትወጣም?" ብለሃል። (ኤስኤስኤች ቁልፍ ማንነትህን የሚያረጋግጥ የፋይል ጥንድ ነው፤ ኮሚት የተመዘገበ የኮድ ለውጥ፣ ፑሽ ደግሞ ያንን ኮድ ወደሚቀመጥበት ድረ ገጽ፣ ወደ ጊትሃብ፣ መላክ ነው።) ቁልፍህ ምንም አልሆነም። ያስገባኸው ለመግቢያ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ምልክቷ ግን የምትወጣው ኮሚቱ በቁልፍ ሲፈረም ነው።

የመሥሪያ ቤት መታወቂያ በሩን ያሳልፍሃል እንጂ ደብዳቤ ላይ አይፈርምልህም። ፑሽ ስታደርግ ጊትሃብ የሚያጣራው የትኛው አካውንት እንደገባ ነው። ኮሚቱ ላይ ያለው ስምና ኢሜይል ግን ከጊት (የኮድ ለውጥ ከሚመዘግበው ፕሮግራም) ኮንፊግ፣ ማለትም ከማስተካከያ ፋይሉ፣ የሚመጣ ተራ ጽሑፍ ነው። የሌላ ሰው ስም ብትጽፍበትም ጊት ዝም ብሎ ይቀበልሃል።

ይሄ ሥራ ቦታ ሲያጋጥም አይቻለሁ። በጋራ የምንጠቀምበት ሰርቨር ኮንፊጉ ላይ የአንድ ልጅ ስም ተቀምጦ ነበር። እዚያ ላይ ማንም የሠራው ሁሉ በእሱ ስም ይገባል። በኋላ ፕሮዳክሽን (ተጠቃሚዎች የሚሠሩበትን ሲስተም) ያቆመ ለውጥ ሲፈለግ፣ ጊት ብሌም (እያንዳንዱን መስመር ማን እንደቀየረው የሚያሳየው ትእዛዝ) ያወጣው የእሱን ስም ነው። ልጁ ደግሞ ያንን ፋይል ከፍቶት እንኳን አያውቅም። ያለ ጥፋቱ ሲጠየቅ ማየት በጣም ያሳዝናል። እያንዳንዳችን በየራሳችን ቁልፍ እየፈረምን ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይለይ ነበር።

ለመፈረም ጂፒጂ (የቆየውን የፊርማ ፕሮግራም) መማር ግዴታ አይደለም። ከ2.34 ስሪት ጀምሮ፣ ማለትም ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ጊት በኤስኤስኤች ቁልፍ ይፈርማል። ጊትሃብም በ2022 ተቀብሎታል። ሴቲንግ ውስጥ ቁልፍ ስታስገባ ዓይነቱን "ሳይኒንግ ኪይ" በለው። ያው የመግቢያ ቁልፍህ ቢሆንም እንኳ ለፊርማ ተብሎ እንደገና መግባት አለበት፤ ብዙ ሰው የሚያልፈው ይቺን ነው። ከዚያ ኮንፊግህ ላይ "ጂፒጂ ፎርማት" ኤስኤስኤች ይሁን፣ "ዩዘር ሳይኒንግኪይ" የፐብሊክ ቁልፍህን ፋይል ያመልክት፣ "ኮሚት ጂፒጂሳይን" ትሩ ይሁን። የኮሚቱ ኢሜይልም አካውንትህ ላይ የተረጋገጠው መሆን አለበት።

እኔ የመግቢያና የፊርማ ቁልፎቼን ለየብቻ ነው የምይዛቸው፤ አንተም እንደዚያ ብታደርግ እመክርሃለሁ። የመግቢያ ቁልፍ በየማሽኑ ይፈጠራል፣ ይሰረዛል። የፊርማው ግን ፓስፍሬዝ (የይለፍ ሐረግ) ተደርጎበት ከራስህ ኮምፒውተር ባይወጣ ይሻላል።

ሌላው፣ ፑል ሪኩዌስት (ለውጥህ ከዋናው ኮድ እንዲቀላቀል የምታቀርበውን ጥያቄ) ስትዘጋ "ሪቤዝ ኤንድ መርጅ" የሚለውን ከመረጥክ ጊትሃብ ኮሚቶቹን እንደ አዲስ ስለሚጽፋቸው ፊርማህ ይጠፋል። ምልክቷ ሜይን ብራንች (ዋናው የኮድ ቅርንጫፍ) ላይ ከጠፋችብህ መጀመሪያ እሱን እይ።