የኤፍቲፒ አጥር ኤስኤፍቲፒን አይከልልም

ጥያቄ፦ በማተሚያ ቤታችን የሊኑክስ ሰርቨር ላይ ደንበኞች የመጽሔት ገጾችን በኤፍቲፒ፣ በቆየው የፋይል ማስተላለፊያ ዘዴ፣ ይልኩልናል። አንዳንዶቹ የይለፍ ቃላቸው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የፋይሎቹ ዝርዝር ሳይመጣ ግንኙነቱ ይቆምባቸዋል። ወደ ተመሰጠረው ማስተላለፊያ ወደ ኤስኤፍቲፒ ለመዛወር ብዬ የኤፍቲፒ ሰርቨር ፕሮግራማችን በሆነው ቪኤስኤፍቲፒዲ ላይ ምስጠራ ጨመርኩ፤ እያንዳንዱ ደንበኛ ከራሱ ፎልደር እንዳይወጣም እዚያው አጠርኩ። ይሁንና በኤስኤፍቲፒ የገባ ደንበኛ የሌሎቹን ፎልደር ያያል። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አጥሩን የሠሩት ደንበኞችዎ በማያልፉበት በር ላይ ነው። በኤስኤፍቲፒ የሚገባ ሰው ከቪኤስኤፍቲፒዲ ጋር ጨርሶ አይገናኝም። የሚቀበለው ኤስኤስኤችዲ ነው፤ እርስዎ በኤስኤስኤች፣ በተመሰጠረው የሩቅ መግቢያ፣ ሰርቨሩን ለማስተዳደር የሚገቡበት ያው ፕሮግራም፣ በዚያው በ22 ቁጥር ፖርት (የኔትዎርክ በር)። እንዲያውም ፋይል እንዲልኩ ብቻ የፈቀዱላቸው ደንበኞች በኤስኤስኤች ገብተው ትዕዛዝ መስጠት ይችሉ ይሆናል። ይህን ዛሬውኑ ይዝጉ።

ቪኤስኤፍቲፒዲ ላይ የጨመሩት ምስጠራ ኤፍቲፒኤስ የሚባለው ነው፤ ያው ኤፍቲፒ ቲኤልኤስ በተባለው የምስጠራ ዘዴ ተሸፍኖ። የይለፍ ቃሉን ይሰውራል፤ የዝርዝሩን ችግር ግን ሊያብሰው ይችላል። ኤፍቲፒ ትዕዛዙን በ21 ቁጥር ፖርት ይቀበልና ዝርዝሩንና ፋይሉን ለማስተላለፍ ሌላ ግንኙነት ይፈልጋል። በፓሲቭ አሠራር ሰርቨሩ ለደንበኛው «በዚህ ቁጥር ና» ብሎ አንድ ፖርት ይነግረዋል፤ የኔትዎርኩን በሮች የሚጠብቀው ፋየርዎል ያን ፖርት ካልከፈተ ደንበኛው ገብቶ ባለበት ይቀራል። ንግግሩ ባልተመሰጠረበት ጊዜ ብዙ ፋየርዎሎች ቁጥሩን አንብበው ራሳቸው ይከፍቱለታል፤ ከተመሰጠረ በኋላ ማንበብ አይችሉም። ኤስኤፍቲፒ ሁሉንም በአንድ ግንኙነት ስለሚያሳልፍ ይህ ጣጣ የለበትም።

ያልተመሰጠረውን ኤፍቲፒ ግን በምንም ምክንያት እንዲያቆዩት አልመክርም። ንድፉ መጀመሪያ በ1971 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ኔትዎርኩ ጥቂት ተቋማትን ብቻ ያገናኝ ነበር፤ የይለፍ ቃሉም ማንም መንገድ ላይ ሊያነበው በሚችል ግልጽ ጽሑፍ ይጓዛል። በ1995 እ.ኤ.አ. ታቱ ዩሎነን ኤስኤስኤችን የጻፈው በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትዎርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ከተጠለፉ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ለደንበኞች አንድ ግሩፕ ይፍጠሩና ሁሉንም ያስገቡበት። በኤስኤስኤችዲ ማዋቀሪያ ፋይል መጨረሻ ላይ ማች ግሩፕ የሚለውን መስመር ከግሩፑ ስም ጋር ይጻፉ። ከሥሩ የሚጻፈው ክሩት ዳይሬክተሪ የሚለው መስመር እያንዳንዱን በፎልደሩ ያጥረዋል፤ ፎርስ ኮማንድ፣ ኢንተርናል ኤስኤፍቲፒ ተብሎ ሲሞላ፣ ከፋይል ማስተላለፍ ውጭ ያለውን ትዕዛዝ ይከለክላል። ቲሲፒ ፎርዋርዲንግንም ያጥፉ፤ አለበለዚያ ደንበኛው በሰርቨርዎ በኩል ወደ ውስጥ ኔትዎርክዎ ሊሻገር ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በባለቤትነቱ ላይ ነው። የታጠረው ፎልደርና ከእሱ በላይ ያሉት ሁሉ ባለቤታቸው ሩት፣ የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ፣ መሆን አለበት፤ ከሩት በቀር ማንም ሊጽፍባቸው አይገባም። ፎልደሩን ለደንበኛው ከሰጡት የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት ባገኘበት ቅጽበት ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ምክንያቱ የሚገኘውም በሰርቨሩ ሎግ ውስጥ ነው፣ ደንበኛው አያየውም። ስለዚህ በውስጡ ሁለተኛ ፎልደር ይክፈቱና የእሱን ባለቤትነት ለደንበኛው ይስጡ፤ ገጾቹን እዚያ ያስቀምጣል።

ኤስኤስኤችዲን እንደገና ከማስነሳትዎ በፊት ማዋቀሪያውን በመፈተሻ ትዕዛዙ ይመርምሩ፤ አሁን የገቡበትንም መስኮት አይዝጉ። አንድ መስመር ቢሳሳትና ሰርቨሩ ከእርስዎ ርቆ ቢሆን መመለሻ ያጣሉ።

ደንበኞችዎ አዲስ ፕሮግራም ላያስፈልጋቸው ይችላል፤ ፋይልዚላም ዊንኤስሲፒም ኤስኤፍቲፒን ያውቃሉ። መጀመሪያ ሲገናኙ ፕሮግራሙ የሰርቨሩን የጣት አሻራ፣ ማለትም ማንነቱን የሚለየውን የፊደልና የቁጥር ድርድር፣ አሳይቶ ይጠይቃቸዋል። ትክክለኛውን አስቀድመው በስልክ ያንብቡላቸው፤ ሳያመሳክሩ «እሺ» ካሉ ከማን ጋር እንደተገናኙ አያውቁም።

ሁሉም ሲዛወሩ ቪኤስኤፍቲፒዲን ያቁሙ፤ 21ንና ለፓሲቭ የከፈቷቸውን ፖርቶች ይዝጉ። የሁሉንም ደንበኞች የይለፍ ቃልም ይቀይሩ፤ የድሮዎቹ ሳይመሰጠሩ ሲጓዙ ቆይተዋል።