ሩሲያኛ ተናጋሪዎችን ፍሬዛል ቨርብ ስለማለማመድ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት በአጭሩ ልድገመው። ከአዲስ አበባ ሆነሽ በኦንላይን እንግሊዝኛ ታስተምሪያለሽ። ተማሪዎችሽ አብዛኞቹ ከሩሲያና ከካዛክስታን ናቸው። ግራመሩን አብጠርጥረው ያውቁታል፣ ፍሬዛል ቨርቡንም፣ ማለት ግስ እንደ «አውት» ወይም «ኦፍ» ካለች ትንሽ ቁራጭ ጋር ተጣምሮ አዲስ ትርጉም የሚሰጥበትን፣ በዝርዝር ሸምድደው ይመጣሉ። ማውራት ሲጀምሩ ግን አንዱም ከአፋቸው አይወጣም። «ምን ዓይነት ልምምድ ልስጣቸው?» ነው ያልሽው።

እኔ ሲያትል አካባቢ ለአዋቂ ስደተኞች ማታ ማታ እንግሊዝኛ ሳስተምር ቆይቻለሁ። ክፍሉ ውስጥ የእኛ ሰዎች ነበሩ፤ ከዩክሬን፣ ከሩሲያና ከሞልዶቫ የመጡ ሩሲያኛ ተናጋሪዎችም ብዙ ነበሩ። የምነግርሽ እዚያ ሲሠራ ያየሁትን ነው። ረዘም ስለሚል ቡናሽን ይዘሽ ቁጭ በዪ።

በመጀመሪያ፣ ነገሩ ለነሱ ባዕድ አይደለም። ሩሲያኛም ግስን በትንሽ ቁራጭ እየለዋወጠ አዲስ ትርጉም የሚያወጣ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ቁራጯን ነጥሎ ከኋላ ያስቀምጣታል፤ ሩሲያኛ ግን ከፊት ይለጥፋታል። «አውት» ብዙ ጊዜ ከ«ቪ» ጋር ትገጥማለች። ጎ አውት «ቪይቲ» ነው። ትሮው አውት «ቪብራሲት»፣ ክሮስ አውት «ቪቼርክኑት» ነው። ፋይንድ አውት እንኳን «ቪያስኒት» ነው፤ ያችው «ቪ» እዚያም አለች። «ኦት» ተብላ ተጽፋ ብዙ ጊዜ «አት» ተብላ የምትነበበዋ ደግሞ ለ«ኦፍ» ትቀርባለች። ካት ኦፍ «አትሬዛት»፣ ፑት ኦፍ «አትላዢት» ነው።

ሩሲያኛ አለመቻልሽ ችግር የለውም። እንዲያውም ይጠቅምሻል፣ ምክንያቱም ሥራው የነሱ ይሆናል። በ«አውት» የሚያልቁ ፍሬዛል ቨርቦች ስጪያቸው። ለእያንዳንዱ የሩሲያኛውን ግስ ያምጡና የፊቷን ቁራጭ ያክብቡባት። ወዲያው እርስ በርስ ክርክር ይጀምራሉ። ተያቸው ይከራከሩ፤ አንቺ ብቻ ክርክሩ በእንግሊዝኛ እንዲሆን አድርጊ።

ይህን ግንኙነት ካላሳየሻቸው ራሳቸው አያዩትም። ዳጉት እና ላውፈር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1985 ዕብራይስጥ ተናጋሪ ተማሪዎች ፍሬዛል ቨርብን እንደሚሸሹ አሳይተው ነበር፤ ዕብራይስጥ እንዲህ ያለ ግስ ስለሌለው ነው ተባለ። በ1989 ግን ሁልስታይንና ማርቼና የሆላንድ ተማሪዎችን አዩ። የሆላንድ ቋንቋ ይህ ግስ ሞልቶታል። ቢሆንም ተማሪዎቹ ከገዛ ቋንቋቸው ጋር በጣም የተመሳሰሉባቸውን አንዳንዶቹን ሸሹ። «ይሄ የኛ ነው እንጂ እንግሊዝኛ ሊሆን አይችልም» እንደማለት ነው። ሩሲያኛ ተናጋሪዎች ላይም ይህን ጥርጣሬ ደጋግሜ አይቻለሁ። ስለዚህ «አዎ፣ እንግሊዞቹም እንዲሁ ነው የሚያስቡት» ብለሽ አፍ አውጥተሽ ንገሪያቸው።

ከዚያ ወጥመዶቹን አሳዪ። መብራት ማብራት በሩሲያኛ «ቭክሉቺት» ነው፤ የፊቷ «ቭ» ወደ ውስጥ ማለት ነች። ማጥፋት ደግሞ «ቪክሉቺት» ነው፣ በዚያችው በ«ቪ»። እንግሊዝኛው ግን ተርን ኦን እና ተርን ኦፍ ይላል። አንዱ ተማሪሽ ለማብራት «ተርን ኢን ዘ ላይት» ቢልሽ አትገረሚ። ከዚህ የባሰው ቲንክ ኦቨር ነው። «ፔሬዱማት» የሚባል ግስ አላቸው፤ ቁርጥራጩን ካየሽው ቲንክ ኦቨር ይመስላል፣ ትርጉሙ ግን ሐሳብ መቀየር ነው። አንዲት ተማሪዬ ቤት አከራይዋን «ነገሩን አሰብኩበት» አለቻት፣ በቲንክ ኦቨር። እሷ «ትቼዋለሁ» ማለቷ ነበር። አከራይዋ ቤቱን ይዛ መልስ ስትጠብቅ ከረመች። እንዲህ ያለ ታሪክ ከማንኛውም ሰንጠረዥ በላይ ይያዛል። መልሶ መደወልን ደግሞ ከ«ፔሬዝቫኒት» በቀጥታ ያመጡና «ሪኮል» ይሉታል። ኮል ባክ ነው፤ ይህንን መጀመሪያ ሳምንት ላይ አርሚው።

«አፕ» ለብቻዋ ጊዜ ትፈልጋለች። ሩሲያኛ ተናጋሪ ድርጊቱ በሂደት ላይ ነው ወይስ አልቋል የሚለውን ሳይለይ ግስ አይናገርም። ኢት (መብላት) እና ኢት አፕ፣ ድሪንክ እና ድሪንክ አፕ ስትያቸው ፊታቸው ይበራል፤ «ቪፒት» ብለው ጠጥተው የሚጨርሱት ያንን ነው። ዩዝ አፕና ክሊን አፕም በዚሁ መንገድ ይገባቸዋል። ግን ልጓም ያዢ። ጽፎ መጨረስን ራይት አፕ ነው ብለው ይሮጣሉ፤ ራይት አፕ ግን ማስታወሻን ወደ ሪፖርት ማዘጋጀት ነው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። የጌት ሁሉ ባንድ ገጽ፣ የቴክ ሁሉ ባንድ ገጽ የሚደረድሩትን ወረቀቶች ተያቸው። ጌት ኦን፣ ጌት ኦቨር፣ ጌት ባይ፣ ጌት አዌይ አንድ ላይ ሲሸመደዱ የሚቀረው ጌት ብቻ ነው፣ ኋላቸው ሁሉ ይደበላለቃል። እኔ የምከፍለው በሁኔታ ነው። አንድ ሳምንት ስልክ፦ ሆልድ ኦን፣ ሃንግ አፕ፣ ኮል ባክ፣ ጌት ትሩ፣ ካት ኦፍ። ሌላ ሳምንት ቤት መከራየት፦ ሙቭ ኢን፣ ሙቭ አውት፣ ፊል አውት። በሳምንት አምስት ስድስት ይበቃል። ብዛቱ የሚያስጨንቃቸው ከሆነ ጋርድነርና ዴቪስ በ2007 ያገኙትን ንገሪያቸው፤ በብሪታንያ አንድ ትልቅ የጽሑፍና የንግግር ስብስብ ውስጥ ካለው የፍሬዛል ቨርብ አጠቃቀም ከግማሽ በላዩን 20 ግሶች ከ8 ቁራጮች ጋር ሆነው ይሸፍኑታል። በ2015 ጋርኒየርና ሽሚት 150ዎቹን አዘውታሪዎች ከዋና ዋና ትርጉማቸው ጋር አውጥተዋል። ከዚያ ውጭ ያለውን ሲያገኙት ይማሩት።

ትልቁ የአፍ ሥራ ያለው ስምን በምትተካዋ «ኢት» ላይ ነው (መብላት የሆነችው አይደለችም)። ፒክ አፕ ዘ ፎን ይባላል፣ ፒክ ዘ ፎን አፕም ይባላል። «ኢት» ከሆነ ግን መሃል መግባት አለባት፦ ፒክ ኢት አፕ። በሩሲያኛ ቁራጯ ከግሱ ጋር ስለተሰፋች መሃሏ የሚገባ ነገር የለም፤ ስለዚህ ሕጉን ቢያውቁትም አፋቸው «ፒክ አፕ ኢት» ይላል። ማብራሪያ አታብዢ። አንቺ በስም እዘዢ፣ እነሱ በ«ኢት» ይመልሱ። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት።» «አይቭ ተርንድ ኢት ኦፍ።» «ፑት ኦን ዩር ጃኬት።» «አይቭ ፑት ኢት ኦን።» እየፈጠንሽ ሂጂ። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ግን ሳታቋርጪ። ሉክ አፍተርን የመሰሉት ግን አይከፈሉም፤ እነሱን ከዚህ ልምምድ አውጪያቸውና ለብቻ ስጪ።

ድምፁንም አትርሺ። ሩሲያኛ ቃል መጨረሻ ላይ ያለን «ቭ» ወደ «ፍ» ይለውጣል። ስለዚህ «ኦቭ» እና «ኦፍ» በአፋቸው አንድ ናቸው፣ ፍሬዛል ቨርብ ላይ ደግሞ ይሄ ጣጣ ያመጣል። ሌላው የድምፅ ክብደት ነው። ፑት ኢት ኦፍ ሲባል የሚከብደው «ኦፍ» ነው፤ እነሱ ግን ግሱን ይጫኑና ቁራጯን ይውጧታል። እዚህ ላይ የራሳቸው ቋንቋ ያግዝሻል። ያለቀ ድርጊት በሚናገሩ ግሶች ላይ «ቪ» ሁልጊዜ ክብደቱን ትወስዳለች፦ *ቪ*ፒት፣ *ቪ*ብራሲት። «እንደዚያችው ከበድ አድርጓት» ብትያቸው ወዲያው ይገባቸዋል።

ያላልሽው ግን ሳይመጣ የማይቀር ነገር አለ። ተማሪዎችሽ በፍሬዛል ቨርብ ፈንታ ፖስትፖን፣ ኢንቬስቲጌት፣ ቶለሬት ማለት ይቀናቸዋል። ስህተት የለውም፣ ግን ከጎረቤት ጋር ሲያወሩ የቀበሌ ደብዳቤ ያስመስላቸዋል። ለዚህ የምወደው ልምምድ አንድ የኦፊሴል ማስታወቂያ ሰጥቶ ለጓደኛ በሚላክ የድምፅ መልእክት እንዲቀይሩት ማድረግ ነው። «ስብሰባው ወደ ሐሙስ ተላልፏል» የሚለው «ሐሙስ አድርገውታል፣ ፑት ኢት ኦፍ» ይሆናል። መጻፍ የለም። ቀድተው ይላኩልሽ፣ አንቺም በድምፅ መልሺላቸው። ከቀረጻው ላይ አንድ ነገር ብቻ አርሚ፤ ሁሉን ካረምሽ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው ፖስትፖን ይላሉ።

ከካዛክስታን ያሉትን ግን አስቀድመሽ ጠይቂያቸው። ሩሲያኛን በደንብ ቢችሉም የአፍ መፍቻቸው ካዛክኛ የሆነ ይኖራል፤ ካዛክኛ ደግሞ ጭማሪውን ሁሉ ከኋላ ነው የሚቀጥለው። ለነሱ የ«ቪ» እና «አውት» ነገር እንደሌሎቹ ላይመጣላቸው ይችላል። የሁኔታውና የ«ኢት» ልምምድ ግን ለሁሉም ይሠራል። አይልትስ የተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ተፈታኝ ካለሽም የጽሑፉ ክፍል ላይ ኢንቬስቲጌትን አትንኪበት፤ ፋይንድ አውትን ለንግግሩ ክፍል ያስቀምጠው።