በየቀኑ ለሚነዳ፣ አልፎ አልፎ ትራክ ለሚገባ መኪና አላይመንት፦ መጀመሪያ ምን ይገዛ?

ሌሎችም እንዲከተሉ ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። ፊቱ ማክፈርሰን ስትራት (ሞላና ሾክ አብዞርበር አንድ ላይ ሆነው ጎማውን የሚይዙበት)፣ ኋላው ማልቲሊንክ (ጎማው በብዙ አርሞች የተያዘበት) የሆነ መኪና አለህ። በየቀኑ ሥራ ያመላልስሃል፣ በዓመት አራት አምስት ቀን ደግሞ ትራክ ትገባለህ። በሁለት የትራክ ቀን ብቻ የፊት ጎማዎችህ ውጭኛው ትከሻ ተላጨ፤ መሃሉና ውስጡ ገና አዲስ ነው። አላይመንት (የጎማ አቅጣጫና ጋደላ ማስተካከል) ሲሠሩ የሰጡህ ወረቀት የፊት ካምበር (ከፊት ሲታይ ጎማው የተጋደመበት ዲግሪ፤ ማይነስ ማለት አናቱ ወደ ውስጥ ነው) ማይነስ 0.6 ይላል፣ «በፋብሪካው ልክ ውስጥ ነው» ተብለህ ተመልሰሃል። አሁን ካምበር ብሎን፣ ካምበር ፕሌት (የስትራቱን ጫፍ ከላይ የሚያንሸራትት ሳህን)፣ የሚስተካከል ኮንትሮል አርም (ጎማውን ከቦዲው ጋር የሚያያይዝ ክንድ) ወይስ ኮይልኦቨር (ቁመቱ የሚስተካከል ሞላና ሾክ አብዞርበር) እያልክ ነው።

ፊት ላይ ካምበር ፕሌት ግዛ፤ ኋላውን ለጊዜው አትንካው። ኮይልኦቨሩም ይቆይ።

ወረቀቱ አልዋሸህም፤ የለካው ግን የቆመ መኪና ነው። ኩርባ ውስጥ ቦዲው 3 ዲግሪ ቢያዘነብል ጎማውም አብሮት ወደ ውጭ ይጋደማል። ስትራት ከዚያ ውስጥ መልሶ የሚያቃናው ጥቂቱን ብቻ ነው። ስለዚህ በማይነስ 0.6 የጀመረው የውጭ ጎማ መሃል ኩርባ ላይ ሲደርስ ፖዘቲቭ ገብቶ በትከሻው ይሄዳል። የተላጨው ጎማህ የሚነግርህ ይህንን ነው።

ዕቃ ከማዘዝህ በፊት ግን መኪናውን በክሪክ አንሳና በመደገፊያ አስቀምጠው። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው፤ ከተንቀሳቀሰ ቦል ጆይንት (በአርሙ ጫፍ ያለው ድቡልቡል መታጠፊያ) ወይም የጎማ ኩሽኔታ ነው። ከግራና ከቀኝ ይዘህ ወዝውዘው፤ እዚህ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ቴስቲና (የመሪው ዘንግ፣ ማለትም የታይ ሮዱ ጫፍ) ወይም የመሪው ሳጥን ነው። የኮንትሮል አርሙን የኋላ ጎሚኒ (የላስቲክ ቡሽ) በሌቨር ገፋ አድርገህ እየው፤ ስንጥቁ አፉን የሚከፍት ከሆነ ጊዜው አልፏል። ያለቀ ጎሚኒ ላይ የተሠራ አላይመንት ፍሬን በያዝክ ቁጥር ይቀየራል። ካምበር ፕሌት ገዝቶ የሞተ ጎሚኒ ይዞ መዞር ገንዘብ መጣል ነው።

«ካምበር ጎማ ይበላል» የሚለው ፍርሃት እዚህ ግሩፕ ላይም በየሳምንቱ ይነሳል። መንገድ ላይ ጎማ በዋናነት የሚበላው ቶ (ከላይ ሲታይ የጎማው ፊት ከቀጥታው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) ነው። አስላው፦ አንድ ጎማ ከቀጥታው 0.1 ዲግሪ ከዞረ በየኪሎሜትሩ 1.7 ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተፋቀ ነው። ግማሽ ዲግሪ ከሆነ 8.7 ሜትር ይደርሳል። ካምበሩ ማይነስ 2 ሆኖ ቶው ዜሮ የሆነ ጎማ ውስጡ ትንሽ ቀድሞ ያልቃል እንጂ ጉድ አይሆንም። ካምበር በዝቶ ቶውም ሲዛባ ነው የውስጡ ጠርዝ በአጭር ጊዜ ሽቦው የሚታየው። መለያው ቀላል ነው፤ መዳፍህን በጥርሱ ላይ ከጎን ወደ ጎን አሳልፍ። በአንድ አቅጣጫ ልስልስ ሆኖ ስትመልሰው እንደ መጋዝ የሚቆረቁርህ ከሆነ ጥፋቱ የቶ ነው።

ወደ ዕቃዎቹ እንምጣ። ካምበር ብሎን ስትራቱና ናክሉ (ጎማውን የሚሸከመው ብረት) የሚታሰሩበትን የፋብሪካ ብሎን ተክቶ የሚገባ፣ አካሉ ላይ ወደ አንድ ጎን ያበጠ ክፍል ያለው ቀጭን ብሎን ነው። ሲዞር ናክሉን ይገፋዋል፤ አብዛኛው 1.5 ዲግሪ አካባቢ ይሰጣል። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ችግሩ የናክሉን ራስ ወደ ስትራቱ ስለሚያስጠጋ ጎማውም አብሮ ወደ ስትራቱ መቅረቡ ነው። ሰፋ ያለ ጎማ ካለህ በጎማውና በስትራቱ መካከል ቢያንስ 5 ሚሊሜትር መቅረቱን ሳታይ አትንዳ። ሁለተኛው ችግር ቅጥነቱ ነው። እንደ ዋናው ብሎን ጨምቆ ስለማይይዝ ጉድጓድ ወይም የትራክ ጠርዝ በኃይል ሲመታው ይንሸራተታል፤ ከዚያ አንዱ ጎን ማይነስ 2፣ ሌላው ማይነስ 1 ሆኖ መሪው ይስብሃል። የምታጠብቀው ከካምበር ብሎኑ ጋር በመጣው ወረቀት ቁጥር ነው፤ የፋብሪካው ቁጥር ለወፍራሙ ብሎን የተሰጠ ስለሆነ ቀጭኑን ሊበጥሰው ይችላል። ከጠበቀ በኋላ በብሎኑ ራስና በስትራቱ ላይ አንድ የቀለም መስመር አስምርበት። መስመሩ ከተሰበረ ተንሸራትቷል ማለት ነው።

ካምበር ፕሌት ደግሞ የስትራቱን ጫፍ ከላይ ወደ ውስጥ ያንሸራትታል። ስትራት፣ ናክልና ጎማ አንድ ላይ ስለሚጋደሙ በጎማውና በስትራቱ መካከል ያለው ክፍተት አይነካም፤ የጎማው አናት ከፓራፋንጎው ስለሚርቅ እንዲያውም ትንሽ ቦታ ታገኛለህ። ኮፋኖውን ከፍተህ በጥቂት ብሎን ማስተካከል መቻሉም ትልቅ ነገር ነው። የፋብሪካውን ሰፊ ሞላ ይዘህ 1.5 ዲግሪ ካገኘህ ካለህ 0.6 ጋር ማይነስ 2.1 ይሆናል፤ ለአንተ አጠቃቀም ልክ የሚያስፈልግህ ይህ ነው። ከዚያ በላይ ለመሄድ ብዙ ጊዜ ጠበብ ያለ ሞላ ይጠይቃል፤ ሰፊው ሞላ ከላይኛው ጉድጓድ ግድግዳ ጋር ይገናኛልና።

ስትመርጥ መሃሉ ላስቲክ የሆነውንና ሉል ኩሽኔታ (ድቡልቡል የብረት መታጠፊያ) የሆነውን ለይ። ሉል ኩሽኔታ መሪው ላይ ጥርት ያለ ስሜት ይሰጣል፤ ነገር ግን አቧራና ውሃ ሲገባበት ይላላል፤ በትንንሽ ጉብታዎች ላይ «ቋ ቋ» ማለት ይጀምራል። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና ላስቲክ ያለውን እመርጣለሁ። ፕሌቱ ከፋብሪካው ማውንት ይልቅ ወፍራም ወይም ቀጭን መሆኑንም ጠይቅ፤ ልዩነቱ የመኪናውን ቁመትና የሾክ አብዞርበሩን ጉዞ ይቀይራል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሞላው በመጭመቂያ በደንብ ሳይታሰር የስትራቱን የላይኛውን መሃል ዳዶ እንዳትፈታ። የታመቀ ሞላ ሰው ይገድላል።

ረዥም የታች ኮንትሮል አርም ወይም ወጣ ያለ ቦል ጆይንት ካምበር የሚሰጠው ጎማውን ከታች ወደ ውጭ በመግፋት ነው። ጎማው ከፓራፋንጎው ይወጣል፤ የፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ላይ ደግሞ አክሰሉን ከጫፉ ይስባል። ከላይ ቦታ ለሌለው መኪና እንጂ ለአንተ አይደለም። (ደብል ዊሽቦን ያላቸው፣ ማለትም ጎማቸው ከላይና ከታች በአርም የተያዘ፣ ሌላ ጨዋታ ናቸው። ማዝዳ ኤምኤክስ-5ን የመሳሰሉት ከፋብሪካ በአራቱም ጎማ ማስተካከያ ብሎን ስላላቸው ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ያንን መጨረስ ይበቃል።)

ኮይልኦቨር በራሱ የአላይመንት ዕቃ አይደለም። ሰው ገዝቶት የመጀመሪያ ሥራው መኪናውን 4 ሴንቲሜትር መጣል ነው። የታችኛው አርም ውጭኛው ጫፍ ከውስጠኛው በደንብ ከፍ ካለ በኋላ ስትራቱ በተጨመቀ ቁጥር ካምበር ታጣለህ፤ ጉብታ ላይም ቶው ይለዋወጣል። ዝቅ ብሎ የሚያምር መኪና ኩርባ ላይ ከበፊቱ የባሰ ጎማ ሲላጭ ምክንያቱ ይህ ነው። ማስወረድ ካለብህ ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር ላይ ቁም፣ ከዚያ በላይ ቁመት የሚያካክስ ቦል ጆይንት ያስፈልግሃል።

ካስተር (ከጎን ሲታይ ጎማው በመሪ የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የተጋደመበት ዲግሪ) ላይ ብዙ አልቆይም። ፕሌትህ ወደ ኋላም የሚንሸራተት ከሆነ ውሰደው፤ ቀጥታ ላይ ጎማ ሳይጎዳ መሪ ሲዞር ለውጭው ጎማ ካምበር ይጨምራል። ግን ተአምር አትጠብቅ፤ በ6 ዲግሪ ካስተር ጎማው 5 ዲግሪ ሲዞር የምታገኘው ግማሽ ዲግሪ ነው፣ ፈጣን ኩርባ ላይ ደግሞ ከዚያ በላይ ብዙም አይዞርም። ግራና ቀኙ በግማሽ ዲግሪ ውስጥ ይሁን።

የምሰጥህ ቁጥር፦ ፊት ካምበር ከማይነስ 2.0 እስከ 2.3፣ ቶ ዜሮ። ኋላ ካምበር ከማይነስ 1.3 እስከ 1.8 ካለ አትንካው፤ ቶ-ኢን (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ መዞሩ) የሁለቱ ድምር ከ0.15 እስከ 0.20 ዲግሪ። የኋላ ጎማ የሚነዳ ከሆነ ይህችን ቶ-ኢን እንዳታጠፋት፤ ጋዝ ስትሰጥና ፍሬን ስትይዝ ኋላውን ቀጥ አድርጋ የምትይዘው እሷ ናት። ፊት ላይ ቶ-አውት (ወደ ውጭ መዞር) ኩርባ መግቢያ ላይ መሪውን ስል ያደርገዋል፤ ቀጥታ መንገድ ላይ ግን መኪናው መስመር ፍለጋ ይቅበዘበዛል፣ ጎማም ይከፈልበታል። በዓመት አምስት ቀን ለሚገባ ሰው አያዋጣም።

አላይመንት ስታስደርግ ታንኩ በግማሽ፣ የጎማ ነፋሱ በልኩ፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ደግሞ የአንተን ክብደት የሚያህል ነገር ይቀመጥ። የአርሞቹ ጎሚኒ ብሎኖች ተፈትተው ከነበረ መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ቅደም ተከተሉ የኋላ ካምበር፣ የኋላ ቶ፣ የፊት ካስተርና ካምበር፣ በመጨረሻ የፊት ቶ ነው። የመረጋጊያ ሲስተም ያለው መኪና ከሆነ የመሪ አንግል ሴንሰሩ ዜሮ ይደረግ፤ ካልተደረገ ቀጥ ብለህ እየሄድክ ፍሬን ሊይዝብህ ይችላል።

«ለትራክ ፕሌቱን እስከ መጨረሻ ገፋ አድርጌ ስመለስ እመልሰዋለሁ» ላልከው፦ ይቻላል፣ ግን ካምበር ሲነካ ቶም ይነካል። ቴስቲናው ከቦል ጆይንቱ ከፍ ባለበት ስትራት፣ ታይ ሮዱ ከአክሰሉ ፊት ከሆነ ካምበር ሲጨመር ወደ ቶ-አውት ይሄዳል፣ ኋላ ከሆነ ወደ ቶ-ኢን። ስለዚህ በሁለቱም ቦታ ቶውን አንድ ጊዜ ለካና የታይ ሮዱን ዙር መዝግብ። የታይ ሮዱ ብሎን ጥርስ እርምጃ (በአንድ ዙር የሚሄደው) 1.5 ሚሊሜትር፣ የናክሉ ክንድ 120 ሚሊሜትር ከሆነ አንድ ሙሉ ዙር 0.7 ዲግሪ ያህል ነው፤ የዳዶው አንድ ገጽ፣ ማለትም አንድ ስድስተኛ ዙር፣ 0.12 ይሆናል። ቤት ስትለካ መኪናውን ከክሪክ እንዳወረድክ አትለካ፤ ጎማው ገና ወደ ውስጥ እንደተሰበሰበ ነው። ጥቂት ሜትር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋው፣ ከዚያ ዲጂታል ውሃ ልክ ቸርኬው ላይ አስደግፍ። 45 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ አንድ ዲግሪ ወደ 8 ሚሊሜትር ስለሚሆን ዓይንህም ሊያየው ይችላል።

2.1 መብቃቱን የሚነግርህ የጎማው ሙቀት ነው። ጥርሱ ውስጥ የሚወጋ ቴርሞሜትር ያዝ፤ በርቀት የሚተኮሰው የሚያነበው ቶሎ የሚቀዘቅዘውን ገጽ ብቻ ነው። ረዥም ማቀዝቀዣ ዙር ሳትነዳ ግባና ውስጥ፣ መሃል፣ ውጭ ለካ። ውስጡ ከውጩ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢበልጥ ጥሩ ላይ ነህ። ውጩ ከበለጠ ካምበር ይቀርሃል፤ ውስጡ ከ15 በላይ ከበለጠ አብዝተሃል፣ ፍሬን ላይም እየከፈልክበት ነው። መሃሉ ብቻ ከሁለቱ ከበለጠ የነፋስ ጉዳይ ነው፣ ካምበሩን አትንካ። የአራቱንም ጎማ ሦስት ሦስት ቁጥር እዚህ ለጥፍልን፤ ስለ ሞላና ስለ ስታቢላይዘር ያኔ እናወራለን።