የደሴው አዲስ ቤት ኮርኒስ ለምን ያንጠባጥባል?

ጥያቄው፦ «ደሴ ላይ አዲስ የብሎኬት ቤት ሠርቼ ገባሁ። በብርድ ወራት ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ ጠዋት ኮርኒሱ ያንጠባጥባል። ዱዓ ተደርጎ ሰው ሞልቶበት ሲያድር ይብሳል። ሠራተኛው ምስማሮቹን ሁሉ ሬንጅ ቀባቸው፤ ለውጥ የለም። ኤጅ (EDGE) የሚባለውን የቆጣቢ ሕንፃ ሰርተፍኬት ላወጣለት አስቤ ነበር። ያልፋል?»

ወንድሜ፣ ፍንጩን የሰጠኝ ዱዓው ነው። ሳይዘንብ የሚያንጠባጥብ ጣሪያ አያፈስም፤ ያልበዋል። ፀሐይ ሳይወጣ ባትሪ ይዘህ ከኮርኒሱ በላይ እይ። ቆርቆሮው ከዳር እስከ ዳር ጤዛ ካዘለ ግምቴ ልክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆርቆሮ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ደመና ካለ ከፊሉን ይመልስለታል። ሰማዩ ከጠራ ግን የሚመልስለት ስለሌለ ቆርቆሮው ከአካባቢው አየር እንኳ በታች ይቀዘቅዛል። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ብትወርድ ይህን ያህል አታየውም። ታች ሰው ይተነፍሳል፣ ጀበና ይፈላል። እንፋሎቱ በአምፖል ቀዳዳና በኮርኒሱ ዳር ሾልኮ ይወጣል፤ ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውሃ ሆኖ ቺፑዱ ላይ ይወርዳል። ውሃው ከውስጥ እየመጣ ሬንጅ ከውጭ ምን ያደርጋል? ምክንያቱን ሳያዩ ሬንጅ መለቅለቅ በጣም ያናድደኛል። የሰው ገንዘብ ነው።

መጀመሪያ የኮርኒሱን ክፍተቶች በሲሊኮን ድፈን። ያበጠውን ቺፑድ ቀይር። ከላይ የፋይበር ግላስ ሱፍ አንጥፍ፤ ርካሹን ነጭ ፎም አትግዛ፣ የመብራት ሽቦ ባለበት በቀላሉ በእሳት ይያያዛል። ከጣሪያው ክዳን ሥር በሁለቱም በኩል ወንፊት ያለው የአየር መግቢያ ክፈት። የወጥ ቤቱና የሻወሩ እንፋሎት በቱቦ ውጭ ድረስ ይውጣ።

አደራ፦ ክፍተት ስትደፍን ቤቱ ይታፈናል። በተዘጋ ክፍል ከሰል እንዳታነድ። ጭሱ አልቆ ፍሙ ቢቀላም የማይታይ፣ የማይሸት ጋዝ ይለቃል፤ ይገድላል።

ወደ ሰርተፍኬቱ ስመጣ፣ ኤጅ ቤትህን ከአካባቢው የተለመደ ቤት ጋር ያወዳድራል። በኃይል፣ በውሃና በግንባታ ዕቃ፣ በእያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 በመቶ ቁጠባ ይጠይቃል። የጣሪያው ሱፍ ለኃይሉ ያግዝሃል፤ ለብቻው ግን አያሳልፍህም። ኦዲተሩ ማስረጃ ስለሚፈልግ ሱፉን ስታነጥፍ ፎቶ አንሳ፣ ደረሰኙንም ያዝ።

እስከዚያው ዱዓ ካለ መስኮት ገርበብ ይበል። የቡናው ከሰል ደግሞ በረንዳ ላይ ይሁን። ብርድ ነው ብላችሁ ከሰል ይዛችሁ በር አትዝጉ።