ቻናል ከፍታችሁ ገዥ ሲጠፋ፦ ጥያቄና መልስ

በቴሌግራምና በቲክቶክ ልብስ፣ ቦርሳና የቤት ዕቃ መሸጥ ከጀመሩ ሰዎች የመጡ ጥያቄዎች ናቸው። በስሌቶቹ ውስጥ ያሉት ዋጋዎች ለምሳሌ የተወሰዱ ስለሆኑ የራሳችሁን አስገቡበት።

ጥያቄ፦ የሴቶች ቦርሳ የምሸጥበት ቻናል ከከፈትኩ ሁለት ወሬ ነው። 400 ሰው አለው፤ የተሸጠው ግን አምስት ቦርሳ ነው፣ ሁለቱን የገዙት ደግሞ ዘመዶቼ ናቸው። ንግድ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከአምስት ቦርሳ ተነስቶ እንዲህ ያለ ፍርድ አይሰጥም። መጀመሪያ ገዥው የት ላይ እንደሚቀር ቁጠሪ። ደብተር ላይ አራት ዓምድ አስምሪ፦ ስንት ሰው አየው፣ ስንት ጠየቀ፣ ዋጋ ሰምቶ ስንቱ ቀጠለ፣ ስንቱ ከፈለ። ያየው ሰው ብዛት ከፖስቱ ሥር ከዓይኗ ምልክት አጠገብ አለልሽ፤ የመጨረሻዎቹን 10 ፖስቶች እያንዳንዳቸው ከተለጠፉ ከ24 ሰዓት በኋላ ያላቸውን ቁጥር መዝግቢ።

ከ400ው 40 ብቻ የሚያይ ከሆነ አብዛኛው ሰው ቻናሉን ድምፁን ዘግቶታል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በቀን 15 ፎቶ መደርደር ነው። ወደ ሁለት ወይም ሦስት አውርጂው፤ ሰው ከሥራ ገብቶ ስልኩን በሚያይበት ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ልጠፊ።

200 ሰው አይቶ የሚጠይቅ ከጠፋ ጥፋቱ ከፖስቱ ነው። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለውን ዛሬውኑ አጥፊ። ብዙ ሰው ዋጋ ጠይቆ «ውድ ነው» ብሎ ከመመለስ ዝም ብሎ ማለፍ ይቀለዋል። ዋጋውን፣ የቦርሳውን ርዝመትና ስፋት በሴንቲሜትር፣ የውስጡን ኪስ ብዛት፣ ዕቃው ያለበትን ሰፈር ጻፊ። ፎቶውን በመስኮት ብርሃን አንሺው፤ አንዱ ፎቶ ሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ ይሁን፣ አለበለዚያ መጠኑ አይታወቅም።

የሚጠይቅ ሞልቶ ዋጋ ሲሰማ የሚጠፋ ከሆነ፣ ተመሳሳዩን ዕቃ በሌሎች ሦስት ቻናሎች ላይ አወዳድሪ፤ ምን ያህል ዘግይተሽ እንደምትመልሺም እዪ። ጠዋት የጠየቀ ሰው ማታ ሲመለስለት ከሌላ ገዝቶ ይሆናል። ተስማምቶ የማይከፍል ከሆነ ደግሞ ያላመነሽ ነውና የተረካቢዎችን መልእክት እያስፈቀድሽ፣ ስማቸውን ሸፍነሽ ለጥፊ።

በሁለት ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ለውጪ። ሁሉንም በአንዴ ከቀየርሽ የቱ እንደሠራ አታውቂም።

ጥያቄ፦ ሰው ያዝዛል፣ ሞተረኛው ሲደርስ ስልኩን ያጠፋል። ከአሥሩ ሦስቱ ይመለሳል። ቀብድ ብጠይቅ ደግሞ ገዥ እንዳይሸሸኝ እፈራለሁ።

መልስ፦ ይሸሻል፤ የሚሸሸው ግን በአብዛኛው ስልኩን የሚያጠፋው ሰው ነው። ሒሳቡን እንሥራው። መግዣ 1,000፣ መሸጫ 1,400፣ ማሸጊያ 30፣ የሞተር 150 ብር በአንተ ወጪ ነው እንበል። 10 ልከህ 3 ከተመለሰ 9,800 ብር ይገባል። የ7ቱ መግዣ 7,000፣ የ10ሩ ማሸጊያ 300፣ መላኪያ 1,500፣ የሦስቱ መመለሻ 450፤ ድምሩ 9,250 ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሮጠህ የተረፈህ 550 ብር! ብዙ ሰው «አልቻልኩበትም» ብሎ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፣ ዕቃው እየተሸጠለት።

አሁን የሞተሩን 150 ብር ብቻ ገዥው ቀድሞ ይክፈል፤ ቀብዱ እሱ ነው። ሁለት ሰው ተወው፣ ለ8 ሰው ላክህ፣ አንዱ መለሰ እንበል። የተሸጠው ያው 7 ነው። ከ9,800 ላይ መግዣ 7,000፣ ማሸጊያ 240፣ መመለሻ 150 ሲቀነስ 2,410 ብር ይተርፍሃል። ሞተረኛው ከመነሳቱ በፊት ለገዥው ደውል፤ ስልኩን ካላነሳ ሞተረኛው አይነሳ።

ጥያቄ፦ የተጭበረበረ ስክሪንሾት ልኮልኝ ዕቃ የወሰደ ሰው አለ። ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ገዥ እጠረጥራለሁ፤ ማውራት ራሱ አስጠላኝ።

መልስ፦ መበሳጨትሽ ትክክል ነው፤ ልብ የሚሰብር ነገር ነው። ጥርጣሬውን ግን ከሰው ላይ አንሥተሽ ደንብ አድርጊው፦ ገንዘቡ ሒሳብሽ ላይ ሳይታይ ዕቃ አይወጣም፣ ለዘመድም ቢሆን። ስክሪንሾት ላይ ስም፣ መጠንና ቀን በደቂቃ ይቀየራል፤ የቆየ እውነተኛ ደረሰኝም ተመልሶ ይላካል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ ከተራ ስልክ ቁጥር የመጣ «ገቢ ሆኗል» የሚል ጽሑፍ ማስረጃ አይሆንም። መልእክቱ ትክክል ቢመስልም መተግበሪያውን ከፍተሽ ቀሪ ሒሳብሽንና የግብይት ቁጥሩን አመሳክሪ። ኔትወርክ ከሌለ ሞተረኛው ይጠብቅ። ደንቡን ከቻናሉ አናት ላይ ፒን አድርጊው፤ ያኔ «አላመንሽኝም ወይ?» ለሚልሽ ሁሉ የምታሳዪው አለሽ። ለንግዱ የተለየ ሒሳብ መክፈትም ይረዳል፤ የገባው ከቤት ወጪ ጋር አይደባለቅም።

ጥያቄ፦ ከሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ እያመጣሁ እሸጣለሁ። ለጥምቀት ጥሩ ነበር፤ ከየካቲት ወዲህ ጸጥ አለ። የሠራሁት ስሕተት አለ?

መልስ፦ ዐቢይ ጾም ነው። የኦርቶዶክስ ሰርግ በጾሙ አይደረግም፤ ሰርጉ ከፋሲካ ሳምንት በኋላ ከዳግማይ ትንሣኤ ጀምሮ ይመለሳል። በእነዚህ ሳምንታት ልኬት ውሰጂ፣ ለሰርግ ትእዛዝ በቀብድ ተቀበዪ። ሸማኔውም ሥራ የሚበዛበት ቆይቶ ነውና አሁን ብትደራደሪ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በ60,000 ብር ያመጣሁት ዕቃ ግማሹ አልሸጥ አለ። በኪሳራ ልሽጠው?

መልስ፦ 60 ቀን ሙሉ ጠያቂ ያጣውን በመግዣው፣ ካልሆነም ከመግዣው በታች አውጣው። የታሰረው 30,000 ብር ሦስት ጊዜ ሊዞር ይችል ነበር። የሚጠየቀውን ዕቃ ግን በድሮ መግዣው አትተምን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ብዙ ተቀይሯል፤ ሸጠህ የሰበሰብከው ብር ያንኑ ዕቃ መልሶ ካልገዛልህ «ትርፉ» ትርፍ አይደለም። መርካቶ ከመውረድህ በፊት በስልክ የዛሬውን ዋጋ ጠይቅ። ለሚቀጥለው ዙር ከአንድ ዓይነት 30 ከማንሣት ከአምስት ዓይነት ሦስት ሦስት አንሣ፤ ቀድሞ ያለቀውን ነው የምትደግመው።

ጥያቄ፦ 10,000 አባል በርካሽ የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ። አባሉ ይጨምራል፣ ከዓይኗ ምልክት አጠገብ ያለው የዕይታ ቁጥር ግን አይነቃነቅም፤ ያንን ያየ ገዥ ደግሞ ይሸሻል። ሌላ ቻናል ላይ ማስታወቂያ ስትከፍልም የአባሉን ብዛት ትተህ የፖስቶቹን አማካይ ዕይታ ተመልከት። 20,000 አባል ኖሮት 300 ሰው የሚያየው ቻናል ዋጋው የ300 ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ቤተሰቤ «ሥራ ፈልጊ» ይለኛል። መቼ ነው ማቆም ያለብኝ?

መልስ፦ ልኩን ሳይከፋሽ አስቀድመሽ ጻፊው፦ ከዚህ በላይ የማላወጣው ብር፣ የማቆምበት ቀን፣ እስከዚያ የማነጋግረው የገዥ ብዛት። ለምሳሌ 20,000 ብር፣ 90 ቀን፣ 100 ጠያቂ። 100 ሰው ሳይጠይቅሽ ቀኑ ከደረሰ ገና አልተሞከረም፤ ችግሩ ማስታወቂያው ላይ ነው። 100 ጠይቆ ሁለት ከገዛ ዕቃውን ወይም ዋጋውን ቀይሪ። 15 ገዝቶ ትርፍ ከሌለ የመላኪያና የመመለሻ ሒሳቡን እንደገና ሥሪ። ለቤተሰብሽም በየወሩ መጨረሻ ደብተሩን አሳዪ። ደሞዝ ያለው ሥራ ካገኘሽ ያዢው፤ ሦስት ፖስት በምሽት ከሥራ ጋር አይጋጭም።