ወንበሩ ለምን ከጠረጴዛው በለጠ? ስለ አሻንጉሊት ቤትና ሚኒየቸር የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ሰላም ውድ አንባቢዎቻችን እንዴት ከረማችሁ። በዚህ ወር የመጡልን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ሚኒየቸር ናቸው፣ ማለትም የአሻንጉሊት ቤትና ውስጡ የሚገቡትን ጥቃቅን እቃዎች በእጅ ስለመስራት፣ እና ደስ ያለኝ ነገር ሁሉም ማለት ይቻላል "እኔ" ብለው ሳይሆን "እኛ" ብለው ነው የጻፉት። ስለዚ አምዱን በሙሉ ለናንተ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህታችን። አራት ጓደኛሞች ነን፣ አንድ ትልቅ የአሻንጉሊት ቤት አብረን እንስራ ብለን ስራ ተከፋፈልን፣ አንዷ ወንበር፣ አንዷ አልጋ፣ አንዷ የኩሽና እቃ፣ እኔ ጠረጴዛና መደርደሪያ። በየቤታችን ሰርተን ስንገናኝ ምኑም አልገጠመም፣ ወንበሩ ከጠረጴዛው ይበልጣል፣ ኩባያው ባልዲ ያክላል፣ አልጋው ደግሞ የድመት ነው የሚመስለው። ሁላችንም ደክመንበታል፣ ማንም የሰራችውን መጣል አልፈለገችም። ቤቱ ግማሽ ላይ ቆሟል፣ አሁን ስንገናኝ ስለሱ ማውራት ራሱ ትተናል።

መልስ፦ አይዟችሁ የኔ እህት፣ ከመሀላችሁ ያጠፋ ሰው የለም። የቀረው አንድ ቁጥር ነው፣ እሱን ሳትስማሙ ስራ ጀመራችሁ በቃ። ስኬል ማለቴ ነው። በዚህ ሆቢ በጣም የተለመደው 1፡12 ነው፣ እውነተኛው እቃ ለ12 ተካፍሎ ማለት። ለምን 12 ሆነ ያልሽ እንደሆነ ነገሩ የመጣው በፉትና በኢንች ከሚለኩ ሰዎች ነው፣ አንድ ፉት 12 ኢንች ስለሆነ እውነተኛው ቤት ላይ አንድ ፉት የነበረው እዚ አንድ ኢንች ይሆናል፣ ለነሱ ቀላል ነበር። እኛ በሴንቲ ለምንለካው ካልኩሌተር ማውጣት ነው፦ መቀመጫው ከመሬት 45 ሴንቲ የሆነ ወንበር 3.75 ሴንቲ ይመጣል፣ የ75 ሴንቲ ጠረጴዛ 6.25፣ የ2 ሜትር በር 16.7 ገደማ፣ 26 ሴንቲ ስፋት ያለው ሳህን 2.2 አካባቢ። ቤቱ ውስጥ ቁመቷ 168 ሴንቲ የሆነች ሴት ብትኖር 14 ሴንቲ ትሆናለች። ከዚህ ያነሱ 1፡24 እና 1፡48 የሚባሉም አሉ፣ ቦታ ለሌለው ሰው ጥሩ ናቸው፣ ግን አብሮ ለሚጀምር ቡድን እኔ 1፡12 ነው የምመክረው ምክንያቱም ጣት የሚይዘው ነገር ይኖረዋል።

ኩባያው ለምን ባልዲ እንዳከለ ደግሞ ልንገርሽ፣ ይሄ ጀማሪ ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ትልልቁን እቃ ስንሰራ እናሳንሳለን፣ ትንንሹ ላይ ስንደርስ ግን እጃችን ከዚህ በላይ ማሳነስ ይፈራል። 2 ሴንቲ ኩባያ ሰርተሽ መዳፍሽ ላይ ስታስቀምጪው በጣም ትንሽ ነው የሚመስልሽ አይደል? በ12 አባዢው፣ 24 ሴንቲ ነው። በቃ ባልዲ ነው! እውነተኛ ኩባያ 9 ሴንቲ ቢሆን መውረድ ያለበት ወደ 7.5 ሚሊሜትር ነው፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነገር። እኔ ማስመሪያ ላይ ቁጥሩን እያየሁ እንኳን ለማመን ከብዶኝ ነበር፣ ስለዚ አሁን ምንም ነገር ከመጀመሬ በፊት ወረቀት ላይ በልኩ ስዬ ቆርጬ ክፍሉ ውስጥ አቆመዋለሁ፣ ወረቀቱ ትክክል ከመሰለ ነው እንጨት የምቆርጠው።

የሰራችሁትን አትጣሉ። ቁጭ በሉና ሁሉንም ለኩ፣ እያንዳንዱ እቃ በየትኛው ስኬል እንደወጣ እወቁ፣ ከዛ ቦታ ፈልጉለት። የገዘፈው ኩባያ አበባ ተተክሎበት በር አጠገብ ይቀመጥ፣ ትንሿ አልጋ ደግሞ የልጅ ክፍል ውስጥ ገብታ የአሻንጉሊት አልጋ ትሁን። የቤቱ ልጅም እኮ አሻንጉሊት ያስፈልጋታል! እንደውም ይህን ሆቢ የሚወዱ ሰዎች በ1፡144 ሌላ የአሻንጉሊት ቤት ሰርተው የአሻንጉሊቱ ቤት ውስጥ ያስገባሉ፣ ምክንያቱም 12 በ12 ሲባዛ 144 ነው፣ ለአሻንጉሊቷ ትክክለኛ የአሻንጉሊት ቤት ይሆናል ማለት ነው። እኔ ይህን መጀመሪያ ስሰማ ቀኑን ሙሉ ፈገግ ስል ነው የዋልኩት።

ለቀጣዩ ግን አንድ ቤት በአራት ሰው መስራቱን ተዉት ብዬ ነው የምመክራችሁ። በየራሳችሁ አንድ አንድ ክፍል ስሩ፣ ፊቱ ክፍት የሆነ ሳጥን፣ የሁሉም ልክ አንድ ይሁን። 33 ሴንቲ ስፋት፣ 25 ጥልቀት፣ 21 ከፍታ ብትሉ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነች ክፍል ናት፣ ኮርኒሷም 2.5 ሜትር ይሆናል። ውስጡ የባለቤቷ ነው፣ አንዷ ሮዝ ቀባች፣ አንዷ ወርክሾፕ አደረገችው፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ስትገናኙ ደራርባችሁ ስታቆሟቸው አፓርትመንት ይሆናል። የሚያስማማችሁ የሳጥኑ ልክና ስኬሉ ብቻ ነው፣ ሌላው ነጻነት ነው፣ እኔና ሶስት ጓደኞቼ እንደዚህ ነው የምንሰራው እና በቀለም የተነሳ የተኮራረፍንበት ቀን የለም።

ጥያቄ፦ ከቅርብ ጓደኛዬ ጋር ነው የጀመርነው። እሷ እጇ የተባረከ ነው፣ የሰራችው መሳቢያ ይከፈታል ይዘጋል፣ የኔ ወንበር ሶስት ጊዜ ሰርቼው አሁንም ይወዛወዛል። እወዳታለሁ ግን ስንገናኝ ስራዬን ማውጣት አሳፈረኝ፣ እሷ ደግሞ "ያምራል" ትለኛለች፣ እንደዋሸችኝ አውቃለሁ።

መልስ፦ እህቴ ላትዋሽሽ ትችላለች እኮ። ሚኒየቸር የሚሰራ ሰው የሌላውን ስራ ሲያይ የሚያየው የተወዛወዘውን እግር ሳይሆን እሱ ያላሰበውን ነገር ነው፣ ይህን ከራሴ ነው የምነግርሽ።

አንድ ክፍል እንዲያምር መሳቢያ የሚከፍት እጅ ብቻውን አይበቃም። ያለቀለት የሚያብረቀርቅ እቃ የተደረደረበት ክፍል ብዙ ጊዜ የሱቅ መስኮት ይመስላል፣ ሰው የሚኖርበት የሚመስለው በግማሽ የተከፈተ መሳቢያ ሲኖር፣ አልጋው ጫፍ ላይ መነጽር ሲቀመጥ፣ በሩ እጀታ አካባቢ ቀለሙ ሲቆሽሽ ነው። ቡናማ አክሪሊክ ቀለም በብዙ ውሃ አቅጥነሽ የግድግዳው ጥግ ላይና የእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ አስገቢና ወዲያው በጨርቅ ጥረጊው፣ በአምስት ደቂቃ ክፍሉ 20 አመት ያረጃል። ይሄ የአይን ስራ ነው፣ የእጅ አይደለም፣ እና ምናልባት ያንቺ ጉልበት እዛ ጋ ሊሆን ይችላል።

ወንበሩ ላይ ደግሞ ጠይቂያት። በጣም የምመክረው ይህን ነው፣ አንድ ቅዳሜ "እግሩ እንዴት ነው ቀጥ የሚልልሽ አሳዪኝ" በያትና አብራችሁ ስሩት። ምናልባት የምትነግርሽ አራቱን እግር አንድ ላይ በፕላስተር አስራ ባንዴ እንደምትቆርጥ ነው፣ እንደዛ ሲሆን አራቱም እኩል ይወጣሉ፣ ከተገጣጠመ በኋላ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ ብርጭቆ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ወንበሩን ቀጥ አድርጎ እላዩ ላይ ቀስ እያሉ መፈተግ ነው፣ ረጅሙ እግር ራሱ ያልቃል።

ከዛ ደግሞ ልውውጥ ጀምሩ። አንቺ የምትችይውን አንድ ነገር ለሁለታችሁም አብዝተሽ ስሪ፣ ለምሳሌ መጽሐፍ። 24 ሴንቲ መጽሐፍ 2 ሴንቲ ነው የሚሆነው፣ ወረቀት ደራርበሽ በኮላ አጣብቀሽ ሲደርቅ ቆርጠሽ ልባስ ታለብሺዋለሽ፣ አንዱን ስትሰሪ ሀያውን መስራት ብዙ አይከብድም ምክንያቱም ድካሙ ያለው መለካቱና መዘጋጀቱ ላይ ነው። እሷ መሳቢያ ትስጥሽ፣ አንቺ ሙሉ መደርደሪያ መጽሐፍ ስጫት። ክፍልሽ ውስጥ የሷ እጅ፣ ክፍሏ ውስጥ ያንቺ እጅ ሲኖር ማን ይበልጣል የሚለው ነገር ቦታ ያጣል።

ጥያቄ፦ 41 አመቴ ነው፣ ወንድ ነኝ። ይህን ስራ ሁለት የስራ ባልደረቦቼ ናቸው ያስጀመሩኝ፣ በጣም ወድጄዋለሁ። ቤተሰብ ግን "የልጅ ጨዋታ" እያለ ያሸማቅቀኛል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ወንድሜ ታሪኩን ንገራቸው። በጽሁፍ የተመዘገበው የመጀመሪያው የአሻንጉሊት ቤት የልጅ መጫወቻ አልነበረም፣ የባቫሪያው መስፍን አልብረክት 5ኛ በ1557 እና 58 (እንደ አውሮፓውያን) አሰርቶት ሙኒክ ከብርቅዬ ስብስቡ ጋር ነበር ያስቀመጠው። አምስተርዳም የነበረችው ፔትሮኔላ ኦርትማን ከ1686 ጀምሮ ያስገነባችው አሁን ራይክስሙዝየም ውስጥ ይታያል፣ ወጪው ቦይ ዳር ያለ እውነተኛ ቤት ይገዛ ነበር። ለእንግሊዟ ንግስት ሜሪ ከ1921 እስከ 1924 የተሰራውን ደግሞ የነደፈው ሰር ኤድዊን ሉትየንስ የሚባል የታወቀ አርክቴክት ነው፣ ከ1,500 በላይ ባለሙያና አርቲስት ተሳትፎበታል፣ ቧንቧው ውሃ ያወርዳል፣ አሳንሰሩ ይሰራል፣ ዊንድዘር ቤተመንግስት ሄዶ ማየት ይቻላል። ብቻውን የተሰራ አለመሆኑን ልብ በልልኝ።

አንዱን ግን ለይቼ ልንገርህ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የሚሰማው እሱን ነው። አሜሪካዊቷ ፍራንሲስ ግሌስነር ሊ በ1940ዎቹ የወንጀል ቦታዎችን በ1፡12 ሰራቻቸው፣ መርማሪ ፖሊሶች አይናቸውን እንዲያሰለጥኑ። መብራቱ፣ መስኮቱ፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ነገር ሁሉ ፍንጭ ሊሆን ስለሚችል በዘፈቀደ የተቀመጠ እቃ የለም። 18ቱ ባልቲሞር ውስጥ ለስልጠና ሲያገለግሉ ኖረዋል። ይህን ለቤተሰብ ከነገርክ በኋላ አንዱን እሁድ ባልደረቦችህን ቤት ጥራቸውና እነሱ ፊት ስሩ። ሰው ወረንጦ ይዞ ትንፋሹን ውጦ ሲሰራ እያዩ "የልጅ ነው" ማለት ይከብዳል፣ እኛ ቤት እንደዛ ነው የሆነው፣ ይስቅ የነበረው አጎቴ ነው በመጨረሻ የአልጋውን ልብስ ያነጠፈው።

ጥያቄ፦ ሁለት ነገር ቸገረን። መስኮቱን በሱፐር ግሉ ስናጣብቅ ፕላስቲኩ ነጭ ጭጋግ ያዘው። መጋረጃው ደግሞ አልወርድም ብሎ እንደ ካርቶን ቆሟል።

መልስ፦ ጭጋጉ የሱፐር ግሉው ትነት ነው፣ ሲደርቅ የሚወጣው ትነት ጠራ ያለ ፕላስቲክ ላይ ሲያርፍ ነጭ ይሆናል። ለመስኮት ነጭ ኮላ ተጠቀሙ፣ ሲደርቅ ይጠራል፣ የምታስነኩትም በስቴኪኒ ጫፍ ይሁን። እዚ ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር በርዝመት 12 ጊዜ ሲያንስ በይዘት 1,728 ጊዜ ነው የሚያንሰው፣ ስለዚ ከእጃችሁ ያመለጠች አንዲት ጠብታ ኮላ ለዛ ክፍል ግማሽ ብርጭቆ ፈሳሽ እንደመድፋት ናት።

መጋረጃው ላይ ችግሩ ያው ነው፣ ጨርቁ አነሰ እንጂ ውፍረቱ አልተቀየረም፣ ክብደቱ ደግሞ ወደታች ለመጎተት አይበቃም። በጣም ስስ ጥጥ ወይ ሐር ፈልጉ፣ በውሃ የቀጠነ ነጭ ኮላ አርጥቡት፣ ካርቶን ላይ እጥፋቱን በጣት እየሰራችሁ በስፒል ወጥሩትና እስኪደርቅ ተዉት። በካርቶኑና በጨርቁ መሀል ፌስታል አንጥፉ ካለዛ ይጣበቃል። ዩቪ ሬዚን (በዩቪ መብራት የሚደርቅ ፈሳሽ ፕላስቲክ) የምትጠቀሙ ካላችሁ ደግሞ ጓንት አድርጉ፣ ያልደረቀው ቆዳ ሲነካ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል፣ አንዴ ከመጣ ደግሞ አይለቅም።

ጥያቄ፦ አምስት ነበርን፣ አሁን ሁለታችን ሌላ አገር ሄደናል። አብረን መስራቱ ቀረ ማለት ነው?

መልስ፦ አልቀረም! ዙር የሚባል አሰራር አለ። እያንዳንዳችሁ ባዶ ክፍል ሰርታችሁ፣ ግድግዳና ወለሉን ብቻ ጨርሳችሁ፣ ሀሳቡን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ለቀጣይዋ ትልካላችሁ፣ ለምሳሌ "ሌሊት ላይ የምትጽፍ ሴት ክፍል" ብላችሁ። የተቀበለችው የምትጨምረውን ጨምራ ታስተላልፋለች። አምስት ሰው ከሆናችሁ የራስሽ ክፍል ተመልሶ ሲመጣ የአራት ሰው እጅ አርፎበታል።

ሩቅ የሚሄደውን ሳጥን ትንሽ አድርጉት፣ 1፡24 ወይ ከዛ ያነሰ። እቃዎቹን በሱፐር ግሉ አታጣብቁ፣ ለስላሳ የሚጣበቅ ሰም አለ፣ ከስራቸው ትንሽ ብታደርጉ ይይዛቸዋል፣ ቀጣይዋ ደግሞ ማንቀሳቀስ ከፈለገች ይለቃል። ክፍሉን በሶፍት ሙሉት፣ ባዶ ቦታ አትተዉበት። የግድግዳ ቀለሙን ትንሽ በጠርሙስ አብራችሁ ላኩ፣ መንገድ ላይ መቧጨሩ አይቀርም። ላኪዋ ምን እንደጨመረች ለባለቤቷ አትንገር፣ ፎቶም አይላክ። ሳጥኑ የሚከፈት ቀን አምስታችሁም ቪዲዮ ኮል ላይ ሁኑ፣ ባለቤቷ ካሜራውን ወደ ውስጥ ታስገባና ቀስ ብላ እያዞረች የማን እጅ የቱ እንደሆነ ትገምት።